ለመከላከያ ሚኒስቴር፦ ብሎኑ የነሱ ሲሆን ቁልፉም የነሱ ይሆናል

ይድረስ ለመከላከያ ሚኒስቴር

እንደምን ከረማችሁ። ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ ራስን ማስተዋወቅ ነው ወጉ፣ እኔ ኮምቦልቻ የከባድ መኪና ጋራዥ ያለኝ ሰው ነኝ። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬናቸው ጨሶ ጨሶ ሚመጡት ሲኖትራኮችና ኤፍኤስአሮች ብዙዎቹ መጀመሪያ ሚቆሙት እኛ ሰፈር ነው። ወታደር ሆኜ አላውቅም፣ ፖለቲካም አልችልበትም፣ ስለዚ መካኒክ ምን አግብቶት ስለ ሰራዊት ይጽፋል ብትሉ አልቀየማችሁም። ግን አባቴ (አላህ ይዘንለት) ሐረር ሶስተኛ ክፍለ ጦር የታንክ መካኒክ ነበር፣ እኔም ሙያውን የተማርኩት ከሱ ነው፣ እና ስለ ሰራዊትና ስለ ውጭ ወዳጅ የማውቀው ነገር በሙሉ ከመፍቻ ሳጥን የወጣ ነው።

ልጽፍ የተነሳሁት ዜና እያየሁ ነው። አንድ የውጭ ልዑክ ይመጣል፣ ፋይል ይፈራረማሉ፣ ፋይሉን ይለዋወጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ከስር "ወታደራዊ ትብብር ስምምነት ተፈረመ" ይላል፣ በቃ አለቀ፣ ቀጥሎ ስፖርት ነው። በመጋቢት 2011 ከፈረንሳይ ጋ ተፈራረምን፣ የባህር ሀይሉን መልሶ ለማቋቋም ጭምር ነው ተብሎ። በሐምሌ 2013 ከሩሲያ ጋ፣ በነሐሴ 2013 ከቱርክ ጋ። እኔ እነዚህን ስምምነቶች አልቃወምም፣ ሀገር ያለ ወዳጅ አይኖርም፣ ጦርነት ላይ ያለ ሀገር ደሞ ጨርሶ አይመርጥም። የኔ ጥያቄ የመካኒክ ጥያቄ ነው። ዕቃው ሲበላሽ ማን ነው ሚፈታው? ቁልፉ በማን ኪስ ነው? ወዳጁ ሲቀየምስ?

ምክንያቱም ይሄ ፊልም ሶስት ጊዜ ታይቷል፣ አንዱን አባቴ ውስጡ ሆኖ ነው ያየው።

መጀመሪያ የአባቴን ደብተር ልንገራችሁ። ባለ አራት ማዕዘን መስመር የሒሳብ ደብተር ነው፣ ሽፋኑ ሰማያዊ ነበር አሁን በግራሶ ጠቁሯል፣ ገጾቹ ጠርዝ ላይ የአውራ ጣቱ አሻራ በዘይት ታትሞ አለ። እያንዳንዱ ገጽ በማስመሪያ ሶስት ቦታ ተከፍሏል። በመጀመሪያው አማርኛ፣ በሁለተኛው እንግሊዝኛ፣ በሶስተኛው ሩሲያኛ፣ ሁሉም በፊደል የተጻፈ። ዘይት፣ ኦይል፣ ማስላ። ቁልፍ፣ ሬንች፣ ክሊዩች። ፓምፕ፣ ፓምፕ፣ ናሶስ። ነገ፣ ቱሞሮ፣ ዛፍትራ። ይቺ የመጨረሻዋ የመካኒክ ቃል አይደለችም አይደል፣ ልጅ ሆኜ ምንድነው ብዬ ስጠይቀው ሳቀና "መለዋወጫ ስንጠይቅ ሚሰጡን መልስ ናት" አለኝ። ቤት ውስጥ ቀልድ ሆና ቀረች፣ እናቴ ሱቅ ሂድ ብላ ስትልከኝ ዛፍትራ እላለሁ፣ በጥፊ ትለኛለች።

አባቴ የሰለጠነው በአሜሪካኖቹ ኮርስ ነው። እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ሳይሆን ማኑዋል ላይ ነው የተማረው፣ ስለዚ "እንደምን አደርክ" በእንግሊዝኛ ማለት አይችልም ግን የኤም 41 ታንክ ካርቡረተር ውስጥ ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ ስሙን ይጠራላችኋል። ኤም 41 በቤንዚን ነው ሚሰራው። ብሎኖቹ በኢንች ናቸው። ቁልፍ ሳጥኑ 1/2፣ 9/16፣ 3/4 እያለ ይሄዳል። ሱፐርቫይዘሮቹ አሜሪካኖች፣ መለዋወጫው በመርከብ ከአሜሪካ፣ ፎርሙም በእንግሊዝኛ። አስር አመት ሙሉ እጁ በኢንች ለመደ።

ከዛ 1969 መጣ። የካቲት ላይ የአሜሪካው ፕሬዝዳንት የካርተር መንግስት በሰብአዊ መብት ምክንያት የወታደር እርዳታውን እቆርጣለሁ አለ፣ ደርግም ሚያዝያ 15 ቀን 1969 አስመራ ያለውን የአሜሪካ ጦር የሬዲዮ ጣቢያ ቃኘውንና አዲስ አበባ ያለውን የአሜሪካ ወታደራዊ አማካሪ ቡድን ዘግታችሁ ውጡ አላቸው። የደርግ ግድያ መልአክ ያስለቅስ ነበር፣ አሜሪካኖቹ ያሉት ሀሰት አይደለም፣ እሱን ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን። ግን ነገሩን ከጋራዡ በኩል እዩት። ሐምሌ ላይ የሶማሊያ ጦር በታንክ ገባ። መስከረም 1970 ጅጅጋ ተያዘች። አባቴ ሐረር ላይ የቆመ ኤም 41 ይዟል፣ መለዋወጫው ሚመጣበት ሀገር ደሞ በሩን ዘግቷል። ምን ተደረገ መሰላችሁ፣ ከሁለት ታንክ አንድ ማውጣት። አንዱን አርደው ሌላውን ያድናሉ፣ ከሳምንት በኋላ የዳነውንም ያርዱታል።

ህዳር ላይ የሶቭየት አየር ድልድይ ተጀመረ፣ አውሮፕላን በአውሮፕላን ላይ ዕቃ ያራግፋል፣ የኩባ ወታደር መጣ፣ ቲ 55 ታንክ መጣ። ቲ 55 በናፍጣ ነው። ብሎኑ በሚሊሜትር ነው። አባቴ ሲያወራ እጁን እያሳየ ነበር፣ 9/16ን 14 ቁጥር ብሎን ላይ ስታስገባው ይገባል፣ ደስ ይልሃል፣ ስታጠብቀው ግን ትንሽ ይላላልና የብሎኑን ራስ ይበላዋል፣ ክብ ይሆንብሃል፣ ከዛ በመዶሻና በስኮርፔሎ ነው ምታወጣው። 1/2 ደሞ 13 ላይ አይገባም፣ አለቀ። ጦር ሜዳ ላይ ለመድከም ታንክ መመታት የለበትም፣ ሶስት አስረኛ ሚሊሜትር ይበቃል። ይሄ ነው እንግዲህ በወረቀት ላይ "የሰራዊቱን ትጥቅ ማሸጋገር" ሚባለው። ኤም 14 የያዘ እግረኛ ከጎኑ ክላሽ የያዘ ጓደኛው ጥይት አለው እሱ ግን የለውም፣ ሁለቱም ጥይት 7.62 ይባላል፣ አንዱ ረዥም አንዱ አጭር ነው፣ አይገባም።

ያም ሆኖ አሸነፉ፣ ካራማራ የካቲት 26 ቀን 1970። አሸናፊዎቹ ውስጥ ደሞ በአሜሪካ ኤፍ 5 ሚበሩ የቢሾፍቱ ፓይለቶች ነበሩ፣ የሶማሊያን ሚጎች አየር ላይ የለቀሙት እነሱ ናቸው። ይሄን ሁሌ ደስ ብሎኝ ነው ማስታውሰው፣ ምክንያቱም አውሮፕላኑ የአሜሪካ ይሁን እንጂ እጁ የኛ ሆኖ ነበር፣ አሜሪካ እየኮረፈም አውሮፕላኑ ተነሳ። የጠላት ነገር ደሞ የባሰ ያስገርማል፣ ሶማሊያን ያስታጠቀና ያሰለጠነ ያው ሶቭየት ነበር፣ ህዳር 4 ቀን 1970 ሶማሊያ ሶቭየቶቹን አባረረች፣ እኛ ጋ ሚመሩት የሶቭየት አማካሪዎች የሶማሊያን ጦር አሰራር ከውስጡ ያውቁታል። ማለቴ ትናንት ያስተማርከው ተማሪ ላይ ነው ምትተኩስበት። ለሶማሊያ ወዳጅ የሆነ ለኛም ወዳጅ ሆነ፣ ነገ ደሞ ከሁለታችንም ይሄዳል።

ሄደም። ግን ከመሄዱ በፊት ያስገባው ነገር አለ፣ ከታንኩ ጋ አብሮ የፖለቲካ ኮሚሳር መጣ። አባቴ ስለዚህ ብዙ አያወራም፣ ወታደር ነውና አፉ ይያዝ ነበር፣ ግን አንድ ጊዜ ያለኝ ነገር አይረሳኝም፣ "ሞተሩን ምፈትሸው እኔ፣ እኔን ሚፈትሸኝ ካድሬ"። አንድ ሻለቃ አዛዥ ትዕዛዝ ሰጥቶ ጎኑ የቆመው ኮሚሳር ፊቱን ሲያጨማድድ ወታደሩ ማንን ይስማ? ይሄ ከኛ ባህል አልወጣም፣ ከኛ ጦር ልምድም አልወጣም፣ ከዕቃው ጋ በአንድ መርከብ የመጣ አሰራር ነው። አሜሪካ ዕቃ ሲሰጥ የራሱን ፎርም ያመጣል፣ ሶቭየት ሲሰጥ የራሱን ኮሚሳር ያመጣል። ነጻ ዕቃ ሚባል ነገር የለም፣ የሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ደላላም ቢሆን የነገረህን ዋጋ ብቻ አይደለም ሚወስደው።

ሶቭየት ላይ ጎርባቾቭ መጣ፣ ገንዘብ አለቀባቸው፣ የጦር መሳሪያ ስምምነቱን አናድሰውም አሉ። በግንቦት 1983 እኔ የ9 አመት ልጅ ነበርኩ። የደርግ ሰራዊት በሐረጎ ሲወርድ አይቻለሁ። ነጠላ ጫማ ያደረገ ወታደር፣ ሸሚዙን አውልቆ የሲቪል ኮት የጠየቀ ወታደር፣ ለውሃ ክላሹን ልስጥህ ያለ ወታደር። ቦርከና ድልድይ ሳይደርስ አንድ ቲ 55 መንገድ ዳር ቆሞ ቀረ፣ እኛ ልጆቹ ወራት ተጫወትንበት፣ መድፉን የውሃ ቧንቧ ነው እያልን አፋችንን እንደቅንበት ነበር። አባቴ በኋላ ከካምፕ ተለቆ ሲመጣ መጀመሪያ ያደረገው ነገር፣ ለእናቴ ሰላምታ ሰጥቶ ውሃ ጠጥቶ ሄዶ ያንን ታንክ ማየት ነበር። ዞረው። ክዳኑን ከፍቶ አንገቱን አስገባ። ሲወጣ "ምንም አልሆነም እኮ፣ ባትሪ ነው" አለ። በቃ ይቺን ብሎ ሄደ። ሀገሩ ባትሪ አልነበረውም።

ከዛ ኢህአዴግ ያንን ሰራዊት በሙሉ በተነው፣ ግማሽ ሚልዮን ገደማ ነው ሚባለው። እዛ ውስጥ ገዳይም ነበር፣ ግን እንደ አባቴ ያለ ቁልፍ ብቻ የያዘም ነበር። በ1990 ከኤርትራ ጋ ጦርነት ሲነሳ ተሯሩጦ የድሮ ፓይለትና መኮንን ተጠራ። አባቴን የጠራው የለም፣ እሱ ግን ሬዲዮ ስር ሆኖ ይጠብቅ ነበር፣ ልብሱን እንኳን እናቴ አጥባ አስቀምጣለት ነበር። ይሄን ምጽፈው ለወቀሳ አይደለም።

ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፣ እኛ ወሎዬዎች ይሄ ነገር ከሰፈራችን ነው የጀመረው። ከደሴ ወደ ሰሜን ወልድያ ስትሄዱ አምባሰል ውስጥ ውጫሌ አለች፣ ይስማ ንጉሥ ሚባለው ቦታ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 አጼ ምኒልክና የጣልያኑ አንቶኔሊ የተፈራረሙት እዛ ነው። 17ኛውን አንቀጽ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አማርኛው በጣልያን በኩል መገናኘት ይቻላል አለ፣ ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ግን በትምህርት ቤት ማይነግሩን ነገር፣ ያ ውል ባዶ የቃል ክርክር አልነበረም፣ ከጎኑ ጠመንጃ ነበር፣ በተከታዩ መስከረም 1882 በተጨማሪው ውል 4 ሚልዮን ሊሬ ብድር ነበር። ምኒልክ ጠመንጃ ፈልገው ነው፣ ጣልያን ደሞ ጠመንጃውን እየሰጠ ውጭ ጉዳይህን በኔ በኩል አለ። ምኒልክ ሲነቁ ምን አደረጉ፣ ብድሩን ከፍለው በየካቲት 1885 ውሉን ሰረዙት፣ ከፈረንሳይም ከሌላውም ጠመንጃ ለቃቅመው አድዋ ገቡ። ብድሩን መክፈላቸው ነው እኔን ሚገርመኝ። ዕዳ ያለበት ሰው እንዴት ተሳድቦ ይወጣል።

ደሴ ራሷ ደሞ ህዳር 26 ቀን 1928 በጣልያን አውሮፕላን ስትደበደብ ጃንሆይ እዚህ ከተማ ነበሩ፣ ራሳቸው የአውሮፕላን መቃወሚያ ይዘው እንደተኮሱ ፎቶው አለ። ሆስፒታል ላይ ቦምብ ወደቀ፣ የቀይ መስቀል ድንኳን ተቃጠለ። ንጉሥ ራሱ መትረየስ ሚይዘው መሳሪያ ስለጠፋ እኮ ነው። ያኔ አውሮጳ ለሁለቱም ወገን መሳሪያ አንሸጥም አለ፣ ጣልያን የራሱ ፋብሪካ አለው፣ እኛ የለንም፣ ማንን ነው የጎዳው? አሰልጣኞቹ ቤልጂጎችና ሆለታ ያሉት ስዊድኖች ነበሩ፣ ጥሩ ሰዎች ነበሩ ይባላል፣ ግን የሆለታ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1927 ነው፣ በአንድ አመት መኮንን አይወጣም።

ከሁሉ ሚከብደው ግን የእንግሊዙ ነው፣ ምክንያቱም እንግሊዝ ነጻ ያወጣን ወዳጅ ነበር። ጥር 23 ቀን 1934 የተፈረመው ውል ላይ የእንግሊዝ ሚኒስትር ከሌላ ዲፕሎማት ሁሉ ቀዳሚ ነው ይላል፣ ሰራዊቱን ሚያሰለጥነው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ነው፣ የፖሊስ አዛዡና ዳኛው ሳይቀር እንግሊዝ፣ ባቡሩና ኦጋዴን በእንግሊዝ እጅ። ገንዘብ በመጀመሪያው አመት 1.5 ሚልዮን ፓውንድ፣ በሁለተኛው 1 ሚልዮን፣ በሶስተኛው ግማሽ ሚልዮን፣ በአራተኛው ሩብ። እዩት ይሄን ቁጥር፣ ደሞዝ ያለው ቤት ሲለምድ እየቀነሱ መሄድ ማለት ነው። እና ትግራይ ውስጥ የመጀመሪያው ወያኔ ሚባለው አመጽ ተነስቶ በ1936 መጀመሪያ ከኤደን የተነሱ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መቀሌን ደበደቡ። ያኔ ጠቀመ ሊባል ይችላል ለመንግስት። እኔ ግን ስለ ወሎ ስለ ትግራይ ከቅርቡ ጦርነት በኋላ ሳስብ ያ ነገር ያንገበግበኛል። የቤት ጠብ ላይ የውጭ አውሮፕላን ከገባ ወንድምህ ሚያስታውሰው ማን እንደመታው አይደለም፣ ማን እንደጠራው ነው።

ጃንሆይ ግን ከዛ ተምረዋል፣ እዚህ ላይ ሰውየውን ማድነቅ አለብኝ፣ ብዙ ነገራቸውን ባልወድም። በታህሳስ 1937 አዲስ ውል ፈርመው ባቡሩን አስመለሱ። ከዛ እንቁላሉን ሁሉ በአንድ ቅርጫት አላደረጉም፣ አየር ሀይሉን ለስዊድን፣ ባህር ሀይሉን ለኖርዌይ፣ የሐረር ጦር አካዳሚን ለህንድ፣ ምድር ጦሩን ለአሜሪካ። ጉድለት አለው፣ አንዱ ሚያዘው በአንድ ቋንቋ ሌላው በሌላ፣ መኮንኖቹም የማን ሰልጣኝ ነህ ይባባሉ ነበር ይላሉ የድሮ ሰዎች። ግን አንድ ወዳጅ ቢሄድ ቤቱ አይፈርስም። የፈረሰው ከባዱ ትጥቅ ሁሉ በአንድ እጅ በነበረበት በምድር ጦሩ በኩል ነው። ከአሜሪካ ጋ ግንቦት 14 ቀን 1945 በአንድ ቀን ሁለት ውል ተፈረመ፣ አንዱ አስመራ ጣቢያ ለ25 አመት፣ ሁለተኛው የወታደር እርዳታ። በአንድ ቀን። በ1952 ነሐሴ ደሞ የምንረዳው ሰራዊት 40,000 ነው ተባለ። አስቡት፣ የሀገራችን ሰራዊት ስንት መሆን አለበት ሚለው ቁጥር ዋሽንግተን ጠረጴዛ ላይ ነው የተቆጠረው። ልጆቻችን ለኮሪያ በሌላ ሰው ዩኒፎርም ሄደው ሞተው ነው ወዳጅነቱ የተገዛው፣ ከመቶ በላይ ሰው ነው የወደቀው፣ ግን በ1969 ለተከፈለበት ዕቃ እንኳን በር ተዘጋ።

ይሄ ድሮ ነው፣ ያሁኑ ዘመን ይለያል ምትሉ ካላችሁ፣ አፍጋኒስታንን እዩ። የአፍጋን አየር ሀይል በራሺያ ሄሊኮፕተር ነበር ሚበረው፣ ኤምአይ 17፣ አፍጋኖቹ ራሳቸው ብዙውን ይፈቱት ነበር። አሜሪካ ደሞ ራሺያ ዕቃ አልከፍልም ብሎ ብላክ ሆክ ወደሚባለው የራሱ ሄሊኮፕተር አዞራቸው። ብላክ ሆክ ሚያህል ዕቃ የለም፣ ግን ሚጠግነው የአሜሪካ ኮንትራክተር ነው። በ2013 ኮንትራክተሮቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲወጡ ሄሊኮፕተሩ ቆመ፣ ከቆመ በኋላ ተራራ ላይ ያለ ወታደር ውሃና ጥይት ማን ያድርስለት? ብዙ ሰው አፍጋኖቹ ፈሪ ናቸው አለ። እኔ እሱን አልገዛም። ያንን ጦር የገደለው የጥገና ውል ነው።

አሁን ደሞ ብሎን እንኳን አይደለም ሚያስፈራው። አንድ ነገር በራሴ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ከሶስት አመት በፊት አንድ ኩባንያ (ስሙን አልጠራም) ለአዳዲስ ካሚዮኖች መመርመሪያ ማሽን ሸጠልኝ፣ የደንበኛዬን መኪና ከኮምፒውተሩ ጋ ምታገናኘው፣ ስህተቱ በቁጥር ይወጣል፣ ታጠፋዋለህ፣ መኪናው ይነሳል። የጋራዡን የስድስት ወር ትርፍ በላ። አንድ አመት ሰራሁበት። አንድ ጠዋት ስከፍተው ስክሪኑ ላይ ፈቃድህ አብቅቷል አለኝ። ማሽኑ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ የገዛሁት እኔ ነኝ፣ ግን አይሰራም። ስደውል ሚመልስ የለም፣ ሲመልሱ ደሞ ለማደስ በዶላር ክፈል ነው፣ ዶላሩ ከየት ይመጣል። አንድ ካሚዮን ጋራዤ ውስጥ ሶስት ሳምንት ቆመ፣ ባለቤቱ ሲያለቅስ። ሞተሩ ጤነኛ ነው። አባቴ ቢኖር "ዛፍትራ" ይል ነበር።

እና አሁን ሰራዊታችን ድሮን ገዛ፣ ራዳር ገዛ፣ ምናምን ይባላል፣ በጦርነቱ ጊዜ ድሮኑ ብዙ ነገር እንደቀየረ ሁላችንም አይተናል፣ ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 ሲያዙ በህዳር መጨረሻ ሲመለሱ እዚሁ ነበርን፣ ጋራዤ ውስጥ አንዲት ቁልፍ አላገኘሁም ስመለስ፣ ባዶ ሳጥን። ስለዚ መሳሪያው አያስፈልግም ማለት አልችልም፣ ሚለው ሰው ካለ ኮምቦልቻ መጥቶ ይንገረን። ግን የሶፍትዌሩ ፈቃድ በማን ስም ነው? ወዳጁ ሲቀየም ከሩቅ መዝጋት ይችላል አይችልም? ሚያበረውና ሚጠግነው ልጅ ቢሾፍቱ ላይ ነው የተማረው ወይስ ውጭ ሄዶ ማሽኑ ላይ ብቻ ቁልፍ መንካት ተምሮ ነው የመጣው? የኮምቦልቻ ልጆች ሌላም ነገር ያውቃሉ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ሲመረቅ ሸሚዝ ሰፍተን ለአሜሪካ እንልካለን ተባለ፣ ከዛ ጦርነቱ መጣ ፓርኩ ተዘረፈ፣ እኤአ ከ2022 ጥር 1 ጀምሮ ደሞ አሜሪካ አጎዋ ከሚባለው ያለ ቀረጥ መሸጫ እድል አወጣን። ጥፋት ቢኖርም ባይኖርም በሩን ሚከፍተውም ሚዘጋውም አንድ ሰው ከሆነ ስፌት ቤትም ሰራዊትም አንድ ነው።

ስለዚ ምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 55 ላይ ዓለም አቀፍ ስምምነት ለተወካዮች ምክር ቤት ቀርቦ ይጽደቅ ይላል፣ ወታደራዊውም ስምምነት ነው፣ ሚስጥር ሚሆነው ገጽ ይሁን፣ ግን ስለ ጥገና፣ ስለ ስልጠና፣ ስለ መለዋወጫ፣ ስለ አማካሪዎቹ ስልጣን ሚናገረው ክፍል ሚስጥር ሊሆን አይችልም፣ እሱ የኛ ገንዘብና የኛ ልጅ ነው። ውሉ አማርኛና የወዳጁ ቋንቋ እኩል ጉልበት ይኑራቸው፣ አማርኛውን ደሞ የወዳጁ አስተርጓሚ ሳይሆን የራሳችን ሰው ያርመው፣ እባካችሁ ውጫሌ ከዚህ ሩቅ አይደለም። አዋቅሩት ሲሏችሁ፣ ይህን ክፍል አፍርሱ ያንን ጨምሩ ሲሏችሁ፣ ለምን እንዳሉ ከዕቃቸው ጋ አያይዛችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ የጦሩ ቅርጽ ሚቀየረው የሸጡት ዕቃ እንዲገባበት ነው፣ ጎጆ በር ላይ ሶፋ እንደማስገባት ነው፣ ግድግዳ ያፈርሳሉ። የሰራዊቱን ስብጥርም በሚመለከት ህገ መንግስቱ አንቀጽ 87 ላይ ራሱ ይናገራል፣ የብሄር ብሄረሰቦች ሚዛናዊ ተዋጽኦ ይኑረው ይላል፣ ሚኒስትሩም ሲቪል ይሁን ይላል፣ ይሄን ሚወስነው እኛ ነን፣ ከውጭ ሚመጣ የአማካሪ ስላይድ አይደለም።

እና ጥይት ፋብሪካው ሆሚቾ፣ መሳሪያ ፋብሪካው ጋፋት፣ አውሮፕላን ሚጠገንበት ደጀን አቪዬሽን ያሉትን ልጆች አታባክኗቸው። ጥይት ከሆሚቾ ሲወጣ፣ አውሮፕላን ደጀን ሲፈታ ያ ለኔ ከአስር ፊርማ ይበልጣል። የድሮ መካኒኮችንም ፈልጉ። ብዙዎቹ አልፈዋል፣ ያሉትም ጆሮአቸው በሞተር ደንቁሯል ጮክ ብላችሁ ጠይቋቸው። አንድ ሀምሳ አለቃ ሰፈራችን ይኖራል፣ ስሙን አልጠራም ያፍርብኛል፣ የቲ 55 ፍሪሲዮን አይኑን ጨፍኖ ይገጥማል፣ ዛሬ በረንዳ ላይ ለውዝ ይሸጣል።

የአባቴ ደብተር ጋራዡ ውስጥ ነው፣ ካልኩሌተሩ ስር ባለው መሳቢያ። ከተዘረፈው ሁሉ ያቺ የቀረችው ማንም ስላልፈለጋት ነው። ለማሰልጠኛችሁ ሚጠቅም ከመሰላችሁ መጥታችሁ ኮፒ አንሱ፣ እዚሁ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ፣ ደብተሩ ግን ከኮምቦልቻ አይወጣም። ከሰዓት በኋላ ሁሌም አለሁ። ሰኞ ሰኞ ብቻ ዕቃ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ስለምወጣ አታገኙኝም።